አማቴና የፈረንጁ ቱቦ

ከተጋባን ስድስት ዓመት እስኪሞላን ድረስ የአማቴን፣ የባለቤቴን እናት፣ ፊት አይቼ አላውቅም ነበር። አትሳቁ! የዲላ ሰው በዚህ አይስቅብኝም፤ የሚስቀው ከሌላ አገር የመጣ ነው። በባለቤቴ ወገኖች ደንብ አማችና አማት ፊት ለፊት አይተያዩም፣ ስም አይጠራሩም፣ ከአንድ ገበታ አይቆርሱም። መንገድ ላይ ቢገጣጠሙ አንዱ እንሰቱ ውስጥ ገባ ብሎ ሌላውን ያሳልፋል። እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ የሰው እንሰት መሃል ቆሜ ስንት ዝናብ እንደወረደብኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ፊቱን ያላዩት ሰው እንዴት ይታወቃል ትሉኝ ይሆናል። ይታወቃል እንጂ! የአማቴን ተረከዝ ከሺህ ተረከዝ መሃል እለየዋለሁ፤ የቀኙ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፣ የግራው ደህና ነው። የነጠላቸው ጥለት አረንጓዴ ነው። ሳላቸውንም አውቀዋለሁ። ቤታችን ሲመጡ በሩ ላይ ቆመው ሦስት ጊዜ ይስላሉ፣ እኔም ሁለተኛው ሳል ላይ በጓሮ በር ውልቅ እላለሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ጉንፋን ይዟቸው ኖሮ ቀኑን ሙሉ ስገባ ስወጣ ዋልኩ። ስማቸውን እንድነግራችሁ አትጠብቁ። ያኔም ጠርቼው አላውቅም፣ ዛሬም አልጠራውም።

ሁለታችንም አንድ መጋዘን ውስጥ ባንሠራ ኖሮ ይሄ ሁሉ ምንም አልነበረም።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። መጋዘኑ የሐጂ ነበር። ሐጂ ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው፣ እዚሁ ዲላ በቡና የከበሩ፣ ጌዴኦኛውን ከባላገሩ እኩል የሚናገሩ ሰው ናቸው። እኔ ወናጎ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ የእሳቸው ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። አማቴ ደግሞ ለቃሚ ናቸው። ለቀማ ማለት ከተፈለፈለው ቡና ውስጥ ጥቁሩን፣ የተበሳውንና የተሰባበረውን ፍሬ እየለዩ ማውጣት ነው። ወደ ስልሳ የሚሆኑ ሴቶች ሰፌድ ሰፌዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በረድፍ ተቀምጠው ይለቅማሉ፤ እኔ እመጋዘኑ ጫፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ። ያን ሁሉ ሴት ፊት ለፊት ባይ አማቴንም ማየቴ አይቀርምና ጠረጴዛዬን ወደ ግድግዳው አዙሬዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ሐጂ፦

«ይሄ ጸሐፊዬ ነው። ከጀርባው ጋር ተዋወቁ» ይላሉ።

እንዲህ ስንኖር አዲስ አበባ የላክነው ቡና «ጥቁር በዝቶበታል» ተብሎ በጭነት መኪና ተመልሶ መጣ። ሐጂ ሲቆጡ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነው የሚቆጡት። ያን ቀን እጃቸውን አጣምረው ረድፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ።

«እዚህ ውስጥ ዓይናቸው የደከመ ሰዎች አሉ» አሉ። «ነውር አይደለም፣ እርጅና ነው። ግን ዓይኑ የደከመ ሰው ቡና አይለቅምም። ይረፍ።»

ስም አልጠሩም። መጥራትም አላስፈለጋቸውም፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አማቴ ናቸውና። ከኋላዬ የስልሳ ሴት እጅ ለአፍታ ቆሞ እንደገና ሲጀምር ሰማሁ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ኖሯል። ባለቤቴ ምድጃው ዘንድ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«እማዬን ሊያስወጧት ነው አሉ።»

«ገና አልተወሰነም» አልኳት።

«ከወጣች የት ትገባለች? እዚህ እንዳትመጣ አንተ አለህ!»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ምን ታደርጋለህ፣ አማቿ ነህ!»

እውነቷን ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ነው። አማቴ እዚህ ቢገቡ ወይ እሳቸው ወይ እኔ ዕድሜ ልካችንን ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን ልንኖር ነው፤ እኔ በቀን በመጋዘን፣ በማታ በቤቴ ግድግዳ ሳይ ልሞት ነው። ስለዚህ የሚቀራቸው ሬኮ ገጠር ያለው የወንድማቸው ቤት ነው።

«የአጎቴን ሚስት ታውቃታለህ» አለችኝ፤ «እማዬ በቆጮ ቁራሽ እየተለካች ትኖራለች። ደግሞ ለቀማውን ከተወች አትቆይልኝም። እጇ ሥራ ሲፈታ ዓመት አትቆይልኝም።»

ምን ልበላት? «እግዜር ያውቃል» አልኩ። ወንድ ልጅ መላ ሲያጣ እግዜር ላይ መጣል ይወዳል።

በሳምንቱ አንድ ፈረንጅ ከነሾፌሩ መጣ። ላንድሮቨሩ ላይ የጫነው የሳጥን ብዛት ሱቅ ሊከፍት የመጣ ነበር ያስመሰለው። ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል ሰው ነው። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ተፈልጎ እኔ ከግድግዳዬ ተጠራሁ። የሰው ዓይን እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ነው የሚያጠናው። እጃቸው እንዲህ የሚፈጥን ለቃሚዎች ዓይናቸው ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ነው ዲላ ድረስ የመጣው። ይህንን ለሴቶቹ ስተረጉምላቸው አልማዝ የምትባለው፣ ምላሷ ከእጇ የሚፈጥነው፣ ወዲያው፦

«የራሱን ዓይን ሳያቀና የሰው ዓይን ሊፈትሽ መጣ?» አለች።

ይህንን አልተረጎምኩለትም።

መሣሪያውን ሲገጥም ግማሽ ቀን ፈጀ። አገጭ የሚያርፍበት ብረት አለው፣ ግንባር የሚደገፍበት ሌላ ብረት አለው፣ የጥፍር ያህል አምፖል፣ መስታወቶች፣ በዓይን የሚታይበት ቱቦ፣ ከላይ ደግሞ የፊልም ካሜራ። ውጭ ያስቀመጠው ሞተር ያጓራል፤ መብራቱ ከእሱ ነው። ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው፦ አምፖሉ ዓይን ላይ ትንሽ ብርሃን ይጥላል። ዓይን እርጥብ ነውና ብርሃኑን መልሶ ያንጸባርቃል። ዓይን ሲንቀሳቀስ ያቺ የብርሃን ነጥብ አብራ ትንቀሳቀሳለች። ካሜራው ነጥቧንም ሰፌዱንም አንድ ላይ ደርቦ ያነሳል። ፊልሙ ታጥቦ ሲታይ ነጥቧ ያረፈችበት ፍሬ ሰውየው ያየው ፍሬ ነው።

«ባጭሩ፣ የት የት እንዳያችሁ ይናገራል» ብዬ ተረጎምኩ።

ሴቶቹ ሰፌዳቸውን ከጉልበታቸው አወረዱ።

«የት የት እንዳየን? ሁሉን?» አለች አልማዝ።

«ሁሉን።»

«እግዚኦ! እንኳን ባሌ አልገዛው!»

ሐጂ ግን ፊታቸው በራ። መሣሪያውን ሦስት ጊዜ ዞሩት። «ይሄ ዳኛ ነው» አሉ። «ዓይኗ የሚሠራላት ትቆያለች፣ የማይሠራላት ታርፋለች። ማንም ሐጂ በደለኝ አይለኝም። ማሽን ጉቦ አይበላም፣ ዘመድም የለው» አሉና የመጨረሻውን ሲናገሩ ወደ እኔ ዘወር አሉ።

መጀመሪያ የተሞከረው በማን ይመስላችኋል? በእኔ። ሴቶቹ «እሱ ይቅደምና እንየው» አሉ። እኔም ሐጂ ፊት እንግሊዝኛዬን ለማሳየት ጥሩ አጋጣሚ መሰለኝና የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ተሰጥቶኝ አገጬን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ። ሐጂ ስምንት ዓመት ሙሉ «ጸሐፊዬ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው» እያሉ ሲኩራሩብኝ ኖረዋል። እኔም ቅንድቤን ሰብስቤ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነበብኩ።

ፈረንጁ በቱቦው ሲያይ ቆየና ቀና አለ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ዓይንህ ደህና ሄደ አለኝ። ሁለተኛው ላይ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ተመለሰ፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ወደ ታች ወረደ፤ ቀኝ ጥጉ ላይ ደርሶ እዚያው ቀረ። እዚያ ምን አለ? ሳልወድ ተረጎምኩት።

ሐጂ ጋዜጣውን ነጥቀው አዩ። እዚያ ጥግ ላይ የጫማ ማስታወቂያ አለ። ጥቁር፣ ማሰሪያው አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ የወንድ ጫማ።

«ጫማ ነው!» አሉ ሐጂ። «ጸሐፊዬ ሲያነብ የቆየው ጫማ ነው!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሁሉም እግሬን አዩ። እግሬ ላይ ያለውን አልነግራችሁም። በንዴት ጋየሁ፣ ሆኖም ከንዴቱ በላይ ደነገጥኩ። ያን ጫማ ማየቴን እኔ ራሴ አላወቅኩም እኮ! ከልቤ የማነብ መስሎኝ ነበር። ዓይኔ የገዛ ጌታውን ሳያስፈቅድ ሄዶ የልቡን አድርሶ ይመለሳል ማለት ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያን ብረት ማክበር ጀመርኩ።

ቀጥሎ ሌላ ጣጣ መጣ። ለሥራው አንድ ሰው ቱቦው ላይ ሆኖ ነጥቧ ዓይን መሃል እስክታርፍ ብሎን እያዞረ ማስተካከል አለበት፣ ሌላው ካሜራውን ይይዛል። ሴቶቹ ደግሞ ፈረንጁ ፊቱን ወደ ፊታቸው እንዲያስጠጋ በጭራሽ አልፈቀዱም። ስለዚህ ቱቦው የእኔ ሆነ። አንድ ጠዋት አስተማረኝና ያዝኩት።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? መጀመሪያ ያየሁት የአልማዝን ዓይን ነው። ቱቦው ውስጥ ሰፌድ የሚያክል ዓይን ተገተረ። ቡናማው፣ በቡናማው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ክሮች፣ መሃሉ ላይ ያለው ጥቁር ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ በብርሃን ሲጠብብ፣ ብርሃን ሲቀንስ ሲሰፋ። እናቴን! አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አልማዝን ስምንት ዓመት ነው የማውቃት፤ ምላሷን እንጂ ዓይን እንዳላት ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ደግሞ ዓይን አይንሸራተትም። እኔ ዓይናችን ነገር ላይ እየተንሸራተተ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ውሸት ነው። ይዘላል። ቆም ይላል፣ ይዘላል፣ ቆም ይላል፣ ይዘላል። እናንተም አሁን ይህን ስታነቡ ዓይናችሁ ቃል ላይ እየቆመ እየዘለለ ነው፤ ማንም አዝዞት አይደለም። ጌታ ስንቱን ነገር ፊታችን ላይ አስቀምጦ ደብቆብናል! ለሁለት ቀን የሃያ ምናምን ሴት ዓይን አየሁና ሁለት አንድ ዓይነት አላገኘሁም። በምሳ ሰዓት እንኳ መብላት እየረሳሁ ቱቦውን ስወለውል እገኝ ነበር። ባለቤቴ «የሴት ዓይን ስታይ ውለህ መምጣት ጀመርክ አሉ» አለችኝ፤ ይህንንም የነገረቻት አልማዝ ነች።

በሦስተኛው ቀን የስም ዝርዝሩን ይዤ ተራ ስጠራ ቀጣዩ ስም ላይ ምላሴ ቆመ። አማቴ ናቸው።

ሐጂ ከኋላ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

«ቀጥሎ» አለ ፈረንጁ።

ሳልኩ።

«ቀጥሎ?»

«የ... የልጆቼ አያት» አልኩ ወደ ጣሪያው እያየሁ።

አማቴ ተነሱ። ያ የተሰነጠቀ ተረከዝ እየቀረበ እየቀረበ መጣና ወንበሩ አጠገብ ቆመ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። እሳቸውም ተቀመጡና ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ፊታቸው ላይ ጥፍንግ አድርገው አሰሩት። አማቻቸው ፊት ለፊት ነዋ! ፈረንጁ መሣሪያውን አየ፣ ነጠላውን አየ፣ እኔን አየ።

«ዓይኗ የታለ?» አለ።

ደንባችንን በእንግሊዝኛ ላስረዳው ሞከርኩ። የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ለዚህ አይበቃም። ላብ በላብ ሆኜ ስጨርስ ፈረንጁ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ብዙ ጻፈና ታዲያ ካልተያያችሁ ባለቤትህን ማን ዳረልህ ብሎ ጠየቀኝ። ሐጂ ሳቃቸውን አፍነው ቆዩና በመጨረሻ ኮስተር አሉ።

«ይበቃል። ስልሳውም ካላለፉበት ፍርድ አይደለም። ወይ ትታይ፣ ወይ ትረፍ።»

ማረፍ ማለት ሬኮ ማለት ነው። ማረፍ ማለት የባለቤቴ ለቅሶ ነው። አልማዝ መጥታ ነጠላውን ከአማቴ ዓይን በላይ ከፍ አደረገችላቸው፤ አፍና አፍንጫቸው እንደተሸፈነ ቀረ። እኔ በአማቴ ፈንታ ብረቱን እያናገርኩ «አገጭ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ግንባር እዚህ ጋ ነው የሚጠጋው» አልኩ። አማቴም ለአልማዝ «እሺ በይው» አሉ። አልማዝ «እሺ ብለዋል» አለችኝ፤ በመካከላችን የነበረው ርቀት ግማሽ ክንድ አይሆንም።

ቱቦው ላይ አጎነበስኩ። አሁን ሞኝነቴን ልንገራችሁና ሳቁ፣ ፈቅጄላችኋለሁ፦ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስድስት ዓመት የተከበረ ደንብ በአንዲት ደቂቃ እንዴት ይፈርሳል? ዓይኔን ጨፍኜ ብሎኑን በደመነፍስ እያዞርኩ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አልኩ። ፈረንጁ ካሜራውን ለቀቀው። ፊልሙ ጢርርር እያለ ትንሽ እንደሄደ ጠርጥሮ መጣና ገፋ አድርጎኝ በቱቦው አየ።

«ይሄ ጆሮ ነው» አለ የራሱን ጆሮ እየነካ።

በዚህ ጊዜ ሐጂም ሳቃቸውን መቻል አቃታቸው። ፈረንጁ ግን አልሳቀም። ፊልሙ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፣ ተጨማሪ የለም፣ አንድ ጊዜ ብቻ እሞክርላታለሁ፣ ካልሆነ ትቀራለች አለኝ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። በቱቦ ማየት ማየት ነው? ሽማግሌዎቹ ደንቡን ሲደነግጉ ስለ ቱቦ አላሰቡም። ፊትን አትይ ነው የተባለው እንጂ ዓይንን ለብቻው አትይ አልተባለም። ቢባልስ? ሚስቴ እናቷን ከምታጣ እኔ ቅጣት ልቀጣ። «ይቅርታ ይደረግልኝ» አልኩ ለብረቱ፣ አጎነበስኩና ዓይኔን ከፈትኩ።

ነጭ ነው።

ግራ ዓይናቸው መሃሉ ጥቁር አልነበረም። እርጎ የፈሰሰበት ይመስል ድፍን ብሎ ነጥቷል። ከሩቅ የማይለይ፣ ቱቦ ውስጥ ግን ሰፌድ አክሎ የሚታይ የዓይን ሞራ። ነጥቧ እላዩ ላይ ትበራለች፣ ከሥሯ ያለው ግን የተዘጋ በር ነው። ሐጂ እውነታቸውን ነበር! ቀና ብዬ «ዓይናቸው ታሟል» ብል አለቀ፤ ዝም ብል ደግሞ ፊልሙ ይናገራል። ፈረንጁ ሁሉንም በግራ ዓይናቸው ነው የሚያነሳው፤ የታመመ ዓይን ሲያገኝ ዝርዝሩ ላይ እየሰረዘ ያሰናብታል። ሐጂም የተሰረዘውን ይቆጥራሉ።

ያን ጊዜ አማቴ መጸለይ ጀመሩ። ወንጌል የሚሰሙ ሰው ናቸው፣ ከምንም ሥራ በፊት ይጸልያሉ፤ ማንም አልገረመውም። ውጭ ሞተሩ ያጓራል፣ ድምፃቸው ከእኔ አልፎ ለማንም አይሰማም። በጌዴኦኛ ነው፦

«ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ። ግራው ሁለት ክረምት ሆነው ከጨለመ። ለልጄም አልነገርኩ። ቀኙን ግን ትተህልኛል፣ ስምህ ይባረክ፣ ቀኙ አንድ ፍሬ አያመልጠውም። ጌታ ሆይ፣ የምታየኝ አንተ ነህ፤ አሁን የሚያየኝንም ሰው አንተ ታውቀዋለህ። የልጄ ባል ነው። ልቡን ወደ ቀኝ አዙርልኝ።»

ስድስት ዓመት አንዲት ቃል ያልተናገሩኝ ሴት ናቸው። ደንብ አላፈረሱም፤ ያናገሩት ጌታን ነው። እኔም ደንብ አላፈረስኩም፤ የሰማሁት ጸሎት ነው።

«አሜን» አልኩና ቀና አልኩ። ለፈረንጁ በዚህ በኩል የጣሪያው ቀዳዳ ብርሃን እየገባ ነጥቧን ያጠፋብኛል፣ በቀኝ ዓይን ይሁን አልኩት። ጣሪያውን አየ። የመጋዘን ቆርቆሮ ቀዳዳ አያጣም፤ ምስጋና ለአሮጌ ምስማር። ትከሻውን ነቀነቀና መሣሪያውን ወደ ቀኝ ገፋው።

አየሁ። ወዳጆቼ፣ ምን አየሁ! ሃያ ምናምን ሴት ዓይን አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም። ዙሪያው ተጨማዷል፣ ቅንድቡ ሳስቷል፣ ውስጡ ግን እንደ እሸት ቡና ጥርት ያለ ነው። አልማዝ ሰፌዱን ስታቀርብላቸው ዓይናቸው ተነሳ። ቆመ፣ ዘለለ፣ ቆመ፣ ዘለለ። የሌሎቹ ዓይን ይመለሳል፣ ይጠራጠራል፣ ይባዝናል፤ ይሄ አንድም ጊዜ አልተመለሰም። የሁለት ዓይን ሥራ ብቻውን ወድቆበት ሁለት ክረምት ሲሠራ የኖረ ዓይን ነው። ፊልሙ እስኪያልቅ ከቱቦው አልተነሳሁም። በመጨረሻ ዓይናቸው ከሰፌዱ ተነሳና ወደ ቱቦው ቀጥ ብሎ መጣ፣ መሃል ላይ ቆመ፣ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አማቴ ነጠላቸውን ወደ ታች ሳቡ። እኔም ፈጥኜ መሬት መሬት አየሁ።

ፊልሙ አዲስ አበባ ሄዶ ታጥቦ እስኪመለስ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀ። ባለቤቴን ስለ ግራው ዓይን አልነገርኳትም። እናቷ ያልነገሯትን እኔ ምን ቤት ነኝ? በሁለቱ ሳምንት ግን እንቅልፍም ምግብም አልነበረኝም። ቀኙን ባየሁበት ልቤ ቢያምንም ያን ጫማ ሳላውቅ ያየሁ ሰው ነኝና የራሴን ዓይን ማመን ትቻለሁ።

ፈረንጁ ተመለሰ። እኩለ ቀን ላይ የመጋዘኑ በርና መስኮት በጆንያ ተሸፍኖ ጨለመ፣ የሐጂ ነጭ አንሶላ ግድግዳዬ ላይ ተሰቀለ። ከዓመታት በኋላ ያ ግድግዳ የሚታይ ነገር አገኘ። አንሶላው ላይ ሰፌድ፣ ሰፌዱ ላይ ቡና፣ ቡናው ላይ የምትዘል የብርሃን ነጥብ። የአልማዝ ነጥብ በየጊዜው ከሰፌዱ እየወጣች ወደ ቀኝ ትጠፋለች።

«የት ነው የምትሄደው?» አሉ ሐጂ።

«የላንድሮቨሩ ሾፌር የቆመው በዚያ በኩል ነበር» አለ አንድ ድምፅ ከጨለማው። አልማዝ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

የአማቴ ተራ ደረሰ። ነጥቧ ታየች። አንድ ጥቁር ፍሬ ላይ ቆመች። እጃቸው ያንን ሊያነሳ ሲሄድ ነጥቧ ሁለተኛው ላይ ደርሳለች፤ እጅ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ነጥቧ አራተኛው ላይ ናት። እጅ ይከተላል፣ ዓይን ይቀድማል፣ እጅ ፈልጎ የሚያገኘው አንድም ነገር የለም፤ ሁሉን ዓይን ቀድሞ አግኝቶ አስቀምጦለታል። ማንም አልሳቀም። ፊልሙ ሲያልቅ ሰፌዱ ላይ አንድ ጥቁር ፍሬ አልቀረም።

«ሱብሃነላህ!» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። «ድገመው በለው።»

ተደገመ። ሐጂ ወደ አንሶላው ተጠግተው በጣታቸው ነጥቧን ሊከተሉ ሞከሩ፣ አልቻሉም። ፈረንጁ እንዲህ ያለ ዓይን አገሩም አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝና ተረጎምኩ። ከጨለማው ውስጥ ሦስት ጊዜ ሳል ተሰማ። በጓሮ በር ልወጣ ብድግ ስል ጓሮ በር እንደሌለ ትዝ አለኝና ተቀመጥኩ።

በሩ ተከፍቶ ብርሃን ሲገባ ሐጂ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እሳቸው ይቆያሉ። ማሽኑ ፈርዷል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሁሉም በግራ ዓይናቸው ሲነሱ እሳቸው ብቻ በቀኝ ናቸው። ፈረንጁ የጣሪያዬን ቀዳዳ በእጁ እየጠቆመ አሳየኝ። ግራ ዓይናቸው ደህና ነው?»

ሐጂን በሥራ ዘመኔ ዋሽቼ አላውቅም። እውነቱን ብናገር ፍርዱ ሊገለበጥ ነው፣ ብዋሽ ደግሞ ሐጂ ውሸት በጠረኑ የሚታወቃቸው ሰው ናቸው። እንዳለሁ ተነሳሁና እጅ ነሣሁ።

«ሐጂ፣ የእኛን ደንብ ያውቁታል። እኔ የአማቴን ዓይን አይቼ አላውቅም።»

ሐጂ አዩኝ። ሰፌድ የሚያክል ዓይን ሳይ ቱቦ ላይ ተጣብቄ ሲያዩኝ የቆዩ ሰው ናቸው። አንሶላውን አዩ። ወደ ሴቶቹ ረድፍ ዞር አሉ፤ እዚያ እጆች ሥራቸውን ጀምረዋል። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

«ደግ ደንብ ነው» አሉ። «ጠብቁት።» ብለውኝ ሄዱ።

ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። እናቷ መጥተው ሁሉን ነግረዋታል፤ የግራውንም፣ የቀኙንም። የሰራችልኝን ቆጮ በጎመን አቀረበችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማዬ መልእክት ልካልሃለች» አለችኝ።

እጄ አየር ላይ ቆመ። በስድስት ዓመት የመጀመሪያው መልእክት ነው።

«ምን አሉ?»

«‹ቱቦው ከዚያም ከዚህም ያሳያል። ሰውየሽን ደህና አድርጌ አየሁት› አለችህ። ‹እሱን ለማየት አንድ ዓይን ይበቃል።›»

ባለቤቴ በሳቅ ወደቀች። እኔ ምርቃት ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ ማወቅ አልቻልኩም። ሄጄ እንዳልጠይቃቸው ደንብ አለ፣ ፈረንጁም ቱቦውን ይዞ አገሩ ገብቷል።